ከገመቹ ጋር የተቋጠርኩባቸው ሦስት ቀናት

በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ ተፈርዶብኛል። የተፈረደልኝ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም አልቀበልም አልኩ። ዳኛው እስከ አንገታቸው ፍል ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈው፣ እኔ ደግሞ በነጠላዬ ጫፍ ከአንድ ረጅም ልጅ ጋር ተቋጥሬ ዳር ላይ ቆሜ ነበር። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው በሳቅ ይፈነዳሉ። እናንተም ብትስቁ ቅር አይለኝም። እኔም እስቃለሁ፤ አንዳንዴ ግን ሳቄ መሀል ላይ ይቋረጥና ፊቴን ያቃጥለኛል።

ጊዜው ባቡር በአዳማ ማለፍ ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አዳማ ያኔ ባቡር ሲመጣ ከተማ፣ ባቡር ሲሄድ ገጠር ነበረች። ባቡሩ እያጨሰ ሲገባ ባለሱቁ ዓረብም፣ መጠጥ ቤት ያለው ግሪክም፣ እንቁላልና ሙዝ የሚሸጡት ሴቶችም አንድ ላይ ይንጫጫሉ፤ ከሄደ በኋላ ግራር ሥር የተኛ ውሻ ብቻ ይቀራል። አባቴ የጣቢያው ዘበኛ ነበር። ባቡር ሊነሳ ሲል ደወሉን የሚደውለው እሱ ስለሆነ፣ በእሱ ቤት እሱ ካልደወለ ማንም አዲስ አበባ አይደርስም። ምኞቱ አንድ ነበር፤ ልጁ ይልማ፣ ማለትም እኔ፣ ፈረንሳይኛ ተምሬ የጣቢያ ሹም ሆኜ ማየት።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቁመቴ አጭር፣ ምላሴ ረጅም። ዳዊት ደግሜ የጨረስኩት ገና በልጅነቴ ስለሆነ በቃል በመያዝ የሚስተካከለኝ አልነበረም። አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ካነበብኩ ሦስተኛውን ዓይኔን ጨፍኜ እወጣዋለሁ። ቄሱ የኔታ “ይህ ልጅ ተባርኳል” ይሉ ነበር፤ እኔም አመንኳቸው። በቃል የያዙትን ነገር የራስ ማድረግ ሌላ ሥራ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ፈረንሳይኛና ሒሳብ የሚያስተምሩን ሙሴ ተሰማ ድሬዳዋ የተማሩ ቀጭን ሰው ነበሩ። ስማቸው ተሰማ ነው፤ “ሙሴ” የምንላቸው እንደ ፈረንጅ ወግ ነው። ከጣቢያው ጀርባ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ሆነን እንማራለን። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ስለሚግል ትምህርት የሚጀመረው በማለዳ ነው። ያን ዓመት አንድ ሰኞ ጠዋት ሙሴ ተሰማ ፊታቸው እየበራ ገቡና እንዲህ አሉን፦

“አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ከአዳማ አንድ ተማሪ ይቀበላል። አንድ ብቻ። እያበላ፣ እያለበሰ ያስተምረዋል። ረቡዕ በፈረንሳይኛ ድርሰት ትጽፋላችሁ። ርእሱን ከአሁኑ እነግራችኋለሁ፤ ‘ምሽት በቤታችን’ ነው። እቤታችሁ አስቡበት። ረቡዕ ግን ከወረቀትና ከቀለም በቀር ምንም ይዞ የሚገባ የለም። የተሻለ የጻፈው ቅዳሜ በሚመጣው ባቡር ይሄዳል።”

አባቴ ይህን ሲሰማ ደወሉን በጨርቅ ወለወለው። “ቅዳሜ ለአንተ ነው የምደውለው” አለኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

በክፍላችን ገመቹ የሚባል ልጅ ነበር። ቤተሰቦቹ መልካሳ አጠገብ ገበሬዎች ናቸው፤ እሱ አዳማ ከአንድ ዘመዱ ቤት ተጠግቶ ይማራል። ቁመቱ እኔን አንድ ተኩል ይሆናል። ሲናገር ቀስ ይላል፤ አማርኛውንም ፈረንሳይኛውንም እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው እየተጠነቀቀ ነው የሚያወጣው። ጽሕፈቱ ግን ዶሮ የጫረችው ነገር ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ይዞ ወደ እኔ መጣ።

“ይልማ፣ የአንተ ጽሕፈት ቆንጆ ነው። እስቲ የእኔ ይነበብ እንደሆነ እይልኝ።”

ያረቀቀው ድርሰት ነበር። ግማሹን ቃል ስለማላውቀው “ይህ ምን ማለት ነው?” እያልኩ ጠየቅሁት። ጅሉ ገመቹ ደስ ብሎት አንድ በአንድ አስረዳኝ። አንድ ቀንዷ የተሰበረ ነጭ ላም አለች፤ እህቱ የላሟን እናት፣ አያትና ቅድመ አያት ስም እየጠራች ካላዜመችላት ወተት አትሰጥም። አባቱ ደግሞ ዓይናቸው ደክሟል፤ ምሽት ላይ ከብቶቹ ሲገቡ በረቱ በር ላይ ተቀምጠው ኮቴያቸውን በጆሯቸው ይቆጥራሉ። ሲያወራልኝ እውነት አልመሰለኝም፤ ማሳመሪያ ነው ብዬ ነበር።

“ቤት ወስጄ በደንብ ልየው” አልኩት። ሰጠኝ።

ለመስረቅ አላሰብኩም ነበር ብል እዋሻለሁ። በልቤ አንድ ነገር ይንቀሳቀስ ነበር። ከጣቢያው ጀርባ ከተደረደረው እንጨት ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ እየተወዛወዝኩ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በፊት ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ወጣሁት። ማክሰኞ ደብተሩን መለስኩለትና “ይነበባል” አልኩት።

ረቡዕ እኔ መስኮቱ ጋ፣ ገመቹ በሩ ጋ ተቀመጥን። መጀመሪያ የራሴን ልጽፍ ሞክሬ ነበር። “ምሽት ላይ እናቴ…” ብዬ ጀመርኩና እናቴ ምን እንደምታደርግ በፈረንሳይኛ ማለት አቃተኝ። የአባቴ የተወለወለ ደወል ታየኝ። ከዚያ ነጯ ላም ራሷ መጥታ ከብዕሬ ሥር ቆመች። እየጻፍኩ ለራሴ እንዲህ እል ነበር፦ “ዳዊት የደገመ ሁሉ ዳዊትን ሰረቀ ይባላል እንዴ? በአፌ ያለው የእኔ ነው። የሰውን ወረቀት አላየሁም፤ አንገቴንም አላዞርኩም።” ገመቹ ደግሞ በቃሉ ስላልያዘው ሁለተኛ ሊጽፈው አይችልም፣ ሌላ ነገር ይጽፋል ብዬ አስቤ ነበር። ቂል ነበርኩ፤ ሰው ቤቱን ለመጻፍ በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም።

ሐሙስ ጠዋት ሙሴ ተሰማ በሁለት እጃቸው ሁለት ወረቀት ይዘው ገቡ።

“አንድ ቀንዷ የተሰበረ ነጭ ላም” አሉ፣ “በአንድ ምሽት ሁለት ቤት ትታለባለች። ተአምር ነው ወይስ ሌብነት? ይልማና ገመቹ፣ ተነሡ።”

ገመቹ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም፤ ገና አልገባውም ነበር። እየቆየ ሲገባው ግን አየሁት፤ ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ ልነግራችሁ አልችልም።

ሁለታችንም “የእኔ ነው” አልን። ሙሴ ተሰማም “የራሱ የሆነ ሰው አይረሳውም፤ በቃላችሁ በሉት” አሉ። እኔማ ምን ችግር አለብኝ? ዓይኔን ጨፍኜ ከላይ እስከ ታች ሳልተነፍስ አወረድኩት። ገመቹ ጀመረና ቆመ። “ትናንት እንዲህ ነበር የጻፍኩት… አይደለም፣ እንዲህ ቢሆን ይሻላል…” እያለ ያርመው ጀመር። ክፍሉ ሁሉ ማጉረምረም ጀመረ፤ ለእነሱ ነገሩ ያለቀለት ነው። እኛ እውቀት የምንለው በቃል የተወጣውን ነበርና ሌባው ገመቹ ሆነ።

ሙሴ ተሰማ ግን ጺማቸውን ይነጩ ነበር። “ይልማ፣ ቤታችሁ ነጭ ላም አለች?”

“የለችም፤ ድርሰት ስለሆነ ፈጥሬያት ነው።”

“እኛ ቤት አለች” አለ ገመቹ ቀስ ብሎ።

“እኔ እዚህ ቆሜ መልካሳን አላይም” አሉ ሙሴ ተሰማ ተናደው። “ሁለቱንም እቀደዋለሁ። ማንም አይሄድም!”

ይህን ጊዜ ጩኸቱን የሰማው አባቴ እየሮጠ ገባና “በሕግ አምላክ!” ብሎ ጮኸ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተነሳን እጅ ያስቆማል፤ ወረቀቱ ሳይቀደድ ቀረ። “ልጄ ሌባ አይደለም! ያ ልጅ ላም አለችኝ ካለ ምስክር ያምጣ!”

“አባቴ ይመሰክራል” አለ ገመቹ።

የዛሬ ልጆች ቁራኛ የሚባለውን ነገር አታውቁም። በዚያ ጊዜ ሁለት ባላጋራዎች የነጠላቸው ጫፍ እርስ በርሱ ይቋጠርና ዳኛ እስኪፈርድ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ማንም አይጠብቃቸውም። ቋጠሮውን የፈታ በራሱ ላይ ፈረደ ማለት ነው። ዳኛችን ባላምባራስ ወንድይራድ ደግሞ ቁርጥማታቸውን ሊታጠቡ ሶደሬ ፍል ውሃ ወርደው ነበር፤ መንገዱ በመልካሳ በኩል ነው። ሙሴ ተሰማ ነገሩን በደብዳቤ ጻፉ፤ ቅዳሜ ባቡሩ እስኪመጣ ፍርድ ይዘን ካልተመለስን ሁለቱም ወረቀት እንደሚቀደድ ነገሩን። አባቴ በገዛ እጁ ቋጠረንና ጆሮዬ ላይ “አይዞህ፣ እውነት ከአንተ ጋር ናት” አለኝ። ከዚያች ቃል ጋር ነው መንገድ የጀመርኩት።

ከረጅም ሰው ጋር ተቋጥሮ መሄድ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። እሱ አንድ ሲራመድ እኔ ሁለት ተኩል እራመዳለሁ። እሱ እሾህ ሲያልፍ እኔ እሾህ ላይ እወድቃለሁ። አንዳችን ቁጥቋጦ ጋ ጉዳይ ሲኖረን ሌላኛው ፊቱን አዙሮ ሰማይ ያያል። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች “ሠርጉ መቼ ነው?” እያሉ አሳቁብን። አንዷ “ሙሽራይቱ አጠረች!” አለችኝ። ሳላስበው ሳቅሁ፤ ገመቹም ሳቀ፤ ከዚያ ሁለታችንም መጣላታችን ትዝ ብሎን ፊታችንን አዞርን። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ምን ያህል ጊዜ “ጠማኝ” እንዳልኩ አላስታውስም። ገመቹ ፊት ፊቱን እያየ ይራመዳል። እኔም ውስጤ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ “ቤታቸው ስንደርስ አባቱን ይዞ ይነሳል፣ አለቀልኝ።”

የደረስነው ከብት በሚገባበት ሰዓት ነው። በረቱ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ወደ እኛ ሳያዞሩ “አከም ጅርቱ፣ ኢጆሌ” ብለው ሰላም አሉንና በኦሮምኛ ቀጠሉ፦ “የመጣችሁት ሁለት ናችሁ፤ ኮቴያችሁ ግን እንደ ተጠመደ በሬ ነው። ምን አግኝቷችሁ ነው?”

ክው አልኩ። እኔ አዳማ ተወልጄ ኦሮምኛ አይጠፋኝም፤ የደነገጥኩት ግን በቃሌ የያዝኳቸው ሽማግሌ አፍ አውጥተው ስላናገሩኝ ነው። ከኋላችን ከብቶቹ መጡ። በመካከላቸው አንድ ቀንዷ የተሰበረ ነጭ ላም አለች። ሽማግሌው ጣታቸውን እያጠፉ ኮቴ ቆጠሩ። ጫልቱ የምትባለው እህቱ ከላሟ ሥር ቁጢጥ ብላ፣ ግንባሯን ከሆዷ አስጠግታ፣ የላሟን እናት፣ የላሟን አያት ስም እየጠራች ማዜም ጀመረች። ወተቱ ጢው ጢው እያለ ወረደ። ማሳመሪያ ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ እኔ ግን ሳላየው ነበር የሰረቅሁት።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ቋጠሮውን ዳሰሱት። ፈገግ አሉ። “ወይፈን ስንገራ ከተገራ በሬ ጋር እንጠምደዋለን። ከሁለታችሁ ያልተገራው የትኛው ነው?”

አንገቴን ደፋሁ። አሁን ይናገራል፣ አሁን “ይህ ሌባ ነው” ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ገመቹ ሳቅ ብሎ “አና” አለ። እኔ ነኝ ማለቱ ነው።

ጫልቱ ትኩሱን ወተት በትልቅ ዋንጫ አመጣች። ገመቹ ተቀበላትና አንዴም ሳይጎነጭ ለእኔ ሰጠኝ። አንገቴን ቀና ሳላደርግ ጨለጥኩት። በልተን እንደ ተቋጠርን ተኛን፤ እሱ ሲገላበጥ እኔም እየተገላበጥኩ ነጋ።

በማግስቱ ጠዋት ገመቹ አባቱን ተሰናብቶ፣ “እንሂድ” አለኝ። ብቻችንን ወጣን። ጥቂት መንገድ እንደሄድን አላስችል አለኝ።

“አባትህስ? ሊመሰክሩ አልነበረም?”

“አይመሰክርም።”

“ለምን?”

“ወተቱን ጠጣህ። አባቴ የቤቱን ወተት በጠጣ ሰው ላይ አፉን አይከፍትም። ጫልቱም እንደዚያው። የቤታችን ወግ ነው።”

ቆምኩ፤ እሱም በነጠላው ተጎትቶ ቆመ። “ይህን እያወቅህ ነው ወተቱን በእጅህ የሰጠኸኝ?”

“ታዲያ ምን ላድርግ? ጠምቶህ ነበር።”

ይህን ያለው እንደ ቀላል ነገር ነው። መንገዱን ቀጠለ፣ እኔም እየተጎተትኩ ተከተልኩት። የአባቴ “እውነት ከአንተ ጋር ናት” በአንድ ጆሮዬ፣ የገመቹ “ጠምቶህ ነበር” በሌላው ጆሮዬ። እንዲህ ሆኜ ሶደሬ ደረስኩ። አሁንም ግን አልተናገርኩም። ፈሪ ነበርኩ።

ባላምባራስ ወንድይራድ ከአዋሽ ዳር ካለው ፍል ውሃ ውስጥ ከአንገታቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። አንድ ሽማግሌ አሽከር ከድንጋይ ላይ ሆኖ ጃንጥላ ዘርግቶላቸዋል። ዛፎቹ ላይ ጦጣዎች ይንጫጫሉ። እጅ ነስተን ደብዳቤውን አቀረብን።

“ዓይኔ ውሃ ገብቶበታል፤ አንተ አጭሩ አንብብልኝ” አሉ። የተከሰስኩበትን ወረቀት እኔው ጮክ ብዬ አነበብኩ።

“ይህ ሁሉ መንገድ ስለ አንዲት ላም ነው?”

“ስለ ወረቀት ነው ጌታዬ” አልኩ።

“ላሟ የት ናት?”

“ወረቀቱ ላይ።”

“ትታለባለች?”

አሽከራቸው ሳቁን ዋጠ። ባላምባራስ ሁለታችንም በቃላችን እንድንል አዘዙን። እኔ እንደ ልማዴ አወረድኩት። ፈረንሳይኛ አንዲት ቃል ባያውቁም ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ገመቹ እንደገና ተንተባተበ፤ እንደገና እያረመ ጀመረ።

“ምስክር አለህ?” አሉት።

ገመቹ ወደ እኔ አላየም። “የለኝም ጌታዬ።”

“እንግዲያው ነገሩ ግልጽ ነው” አሉ ባላምባራስ። “ሰው የገዛ ነገሩን እንዴት ይረሳል? ይህ ረሳ፣ ያ አልረሳም። ፈርጃለሁ፤ ወረቀቱ የአጭሩ ልጅ ነው። ቋጠሮውን ፍቱ።”

ገመቹ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ሊፈታ ጀመረ። የእኔ ነጠላ እንዳይቀደድ፣ እንቁላል እንደሚይዝ ሰው እየተጠነቀቀ ጫፉን ይፈልግ ነበር። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

“ጌታዬ፣ አልቀበልም!”

“ምኑን?”

“ፍርዱን።”

“አንተ ልጅ፣ ለአንተ ነው እኮ የፈረድኩት!”

“ገብቶኛል ጌታዬ። እኔ ነኝ የሰረቅሁት። ላሚቱ የእሱ ናት፤ እህቱም የእሱ ናት፤ አባቱም የእሱ ናቸው። አይቻቸዋለሁ። ወተታቸውን ጠጥቻለሁ።” የጀመርኩትን ሳልጨርስ እንባዬ ወረደ። ስለ ደብተሩም፣ ስለ ዋንጫውም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ባላምባራስ አፈጠጡብኝ። “በዳኝነት ዘመኔ” አሉ፣ “የተፈረደበት ሲጮህ ስሰማ ኖሬአለሁ። የተፈረደለት ሲጮህ ግን ገና ዛሬ መስማቴ ነው!” ብለው መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ጠናባቸውና እግራቸው ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ጠለቁ። አሽከሩ ጃንጥላውን ጥሎ በክንዳቸው ጎትቶ ሲያወጣቸው፣ ጃንጥላው እየተሽከረከረ ተንሳፈፈ፤ ጦጣዎቹም ደስ አላቸው።

ሲረጋጉ ፊታቸው ተለወጠ። “ውሸቱን የተናገርከው በሰው ፊት ነው። እውነቱንም በሰው ፊት ትናገራለህ። ነገ ባቡሩ ሲቆም፣ ጣቢያው ላይ፣ አባትህ ባለበት። እስከዚያ ቋጠሮው አይፈታም።”

“ጌታዬ፣ ጅራፍ ይሻለኛል!”

“ስለሚሻልህ ነው ያላዘዝኩልህ።”

ስንመለስ መልካሳን ካለፍን በኋላ ገመቹ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ “ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር እንዴት ነበር ያልከው? ጠፋብኝ” አለኝ። ነገርኩት። “አይ፣ መጥፎ ነው፣ ሌላ ቃል ያስፈልገዋል” አለ። ከዚያ በኋላ እኔ እያልኩለት እሱ እያረመ አዳማ ገባን። ድርሰቱ ምን ያህል እንደተሻሻለ ብታዩ!

ቅዳሜ ጣቢያው ጢም ብሎ ነበር። ባቡሩ ቆሟል። አባቴ የደወሉን ገመድ ይዞ፣ አዲስ ኮት ለብሶ ቆሟል፤ ሲያየኝ ፊቱ ፈካ። ያን ፊት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከዕቃ ሳጥን ላይ ወጣሁ፤ ገመቹም ተቋጥረናልና አብሮኝ ወጣ። “ድርሰቱ የገመቹ ነው። ደብተሩን አምኖ ሰጠኝ፣ በቃሌ ይዤ የእኔ ነው አልኩ። ዋሽቻለሁ” አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ስለነበር ከኋላ ያሉት “አልሰማንም!” አሉ። ደግሜ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

ቋጠሮው በላብና በእንፋሎት ጠብቆ አልፈታ ስላለን በጥርሳችን ፈታነው። ሙሴ ተሰማ ለአዲስ አበባው ትምህርት ቤት የጻፉትን ደብዳቤ ለገመቹ ሰጡና በሦስተኛ ማዕረግ አሳፈሩት። አባቴ ግን ገመዱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። የባቡሩ ነጂ ፈረንጅ እጁን እያወናጨፈ ይጮሃል፣ ደወሉ አይደወልም። ያን ቀን ባቡሩ የዘገየው በእኔ ምክንያት መሆኑን የባቡሩ ሰዎች እስከ ዛሬ አያውቁም። ገመቹ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ “ሲጠማህ እቤት ሂድ!” አለኝ። በመጨረሻ አባቴ ደወለ። ለእኔ አልነበረም የደወለው።

ሙሴ ተሰማ እስከ ፋሲካ ከትምህርት ቤት አባረሩኝ። አባቴ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያናግረኝ በእናቴ በኩል ሆነ። አጠገቡ ተቀምጬ “ልጅሽን ውሃ ቅዳ በይው” ይላታል። እናቴም ወደ እኔ ዞራ “አባትህ ውሃ ቅዳ ብሏል” ትለኛለች። እኔም “ቀድቻለሁ በይው” እላለሁ። ያን ጊዜ አላሳቀኝም ነበር።

በዚያው ሰሞን መልካሳ ሄጄ ለገመቹ አባት የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። “አውቄያለሁ” አሉኝ። “ልጄ ‘አና’ ሲል ድምፁ እየሳቀ ነበር። ያልተገራ ወይፈን ደግሞ አይስቅም።” ከዚያ ጫልቱን ወተት አምጪ አሏት።

እናንተ ይህን የምታነቡ ተማሪዎች፣ ዛሬ ኩረጃ የምትሉትን ነገር እንደ ጨዋታ ታወሩታላችሁ። እኔም አስተማሪ ሆኜ ስኖር ብዙ ዓይነት አይቻለሁ፤ በመዳፍ የተጻፈ፣ በጫማ ውስጥ የገባ። የያዝኩትን ሁሉ ቀጥቻለሁ፤ ሳልይዝ ያለፍኩትም ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁልኝ። እኔ ያን ቀን ፍርዱን ተቀብዬ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ እደርስ ነበር፣ ምናልባትም የጣቢያ ሹም እሆን ነበር። ነገር ግን አባቴ በደወለ ቁጥር የሚጠራው እኔን እንዳልሆነ እያወቅሁ እኖር ነበር። በዚያ ላይ የምንሰርቀውን ሰው ቤት አናውቀውም፤ ሽማግሌ ተቀምጠውበት ይሆናል፣ ልጅቱ እያዜመችበት ይሆናል። እኔን ግን ገመቹ፣ እግዜር ይስጠውና፣ በነጠላዬ ጎትቶ አሳየኝ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ከፋሲካ በኋላ ሙሴ ተሰማ ተቀበሉኝና ስለ ዝናብ ጻፍ አሉኝ። ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀምጬ ስድስት መስመር ጻፍኩ። አንዷንም በቃሌ አልያዝኳትም፤ ሁሏንም እየሰረዝኩና እየደለዝኩ ነው ያወጣኋት። ሙሴ ተሰማ በቀይ ቀለም አጨማልቀው ከሃያው አራት ብቻ ሰጡኝ። ወረቀቱን ይዤ ቤት ስገባ አባቴ ብቻውን ተቀምጦ ነበር፤ እናቴ ገበያ ሄዳለች። ምን እንደማደርግ ግራ ገባኝና ወረቀቱን ፊቱ አስቀመጥኩለት። ፈረንሳይኛ ባያነብም ቁጥሩን ያውቃል። ብዙ ጊዜ አየው።

“አራት ብቻ?” አለኝ።

“አራት ብቻ። ግን እኔ ነኝ የጻፍኩት።”

ወረቀቱን አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በመሶቡ በኩል ትንሽ ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀልኝ።

“ና፣ ምሳ እንብላ” አለ።